ለአሮጌ የአውሬና የከብት ስሞች የሚሆን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፦ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ካለው መደብ የትኛው ይገዛ?

ከለገሃር በብሔራዊ ቲያትር አድርጎ እስከ አራት ኪሎ ባለው መስመር፣ ያገለገለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የማይዝ መጽሐፍ ሻጭ ብርቅ ነው። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ሚዛን ብቻ ነው፤ ዛሬ ከሰው አፍ ጠፍተው በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ የቀሩ የእንስሳትና የአውሬ ስሞችን ይፈታሉ ወይስ አይፈቱም? ለአይልትስ ፈተና ወይም ለሥራ ማመልከቻ የሚገዛ ሰው ይህን ግምገማ ይለፈው፤ እዚህ የተመሰገነው ለእሱ አይሆነውም። ሼክስፒርን የሚተረጉም፣ የኪንግ ጀምስን መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጋር የሚያስተያይ፣ ስለ እርሻና ስለ አደን የተጻፈ የ18ኛ ወይም የ19ኛ መቶ ዓመት ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ግን ከዚህ የሚወስደው አለ።

ፍርዱን እናስቀድም። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚገዛው ቻምበርስ ነው፤ የ1972ም ይሁን ከዚያ ወዲህ ያለው እትም ይበቃል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ሾርተር ኦክስፎርድ ነው፣ ሁለቱም ጥራዝ አንድ ላይ ከተገኘ። ኮንሳይስ ኦክስፎርድ ከምንም ይሻላል። ሻጩ አቧራውን አራግፎ በቅድሚያ የሚያቀርብላችሁ፣ ሽፋኑ የሚያብለጨልጨው የተማሪ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ከንቱ ነው።

ከንቱ የሆነው ስለ ተበላሸ አይደለም። የኦክስፎርዱ የተማሪ መዝገበ ቃላት መነሻው እንግሊዝኛን በትምህርት ለሚቀስሙ ሰዎች ተብሎ በ1942 ጃፓን ውስጥ የታተመ ሥራ ነው። ዓላማው ዛሬ የሚነገረውን ቃል በቀላል ቋንቋ መፍታት፣ ግሱ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ ማሳየት ነው። የማይነገር ቃል ቦታ ይዞ እንዲቀመጥ አይፈልግም። አደጋው ቃሉ ሲጠፋ አይደለም፤ ሲጠፋ ሌላ መጽሐፍ ትፈልጋላችሁ። አደጋው ቃሉ ተገኝቶ የተሰጠው ፍቺ የዛሬው ብቻ ሲሆን ነው፤ አንባቢው አገኘሁ ብሎ ያልፋልና።

«ኒት» የሚለውን ውሰዱ (ኤን፣ ኢ፣ ኤ፣ ቲ)። የተማሪው መዝገበ ቃላት «ንጹሕ፣ የተስተካከለ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን በፊደል አንድ ሆኖ በዘር የማይገናኘው ሌላ «ኒት» አለ፤ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው የቀንድ ከብት ነው። «ንጹሕ» የሚለው የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ነው። የከብቱ ኒት ጨርሶ አልሞተም፦ ቆዳ ለማለስለስ የሚውለው «ኒትስፉት» ዘይት ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ነው፤ ይህን ያላወቀ ተርጓሚ «ንጹሕ የእግር ዘይት» ብሎ ለመዋቢያ ሊያደርገው ይችላል። ጥሩ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ለየብቻ፣ በላያቸው ትንሽ 1 እና 2 ቁጥር አድርጎ ያሰፍራቸዋል። መደቡ ላይ ቆማችሁ የምትከፍቱት የመጀመሪያው ገጽ ይሄ ይሁን። «ዲር» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ዛሬ የአጋዘን ወገን ስም ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን አራዊትን በጠቅላላ ይጠራ ነበር። በሼክስፒር ተውኔት በኪንግ ሊር ውስጥ አይጦችን ቆጥሮ «ትንንሽ ዲር» የሚለው ሰው ስለ አጋዘን ግልገል እያወራ አይደለም።

ከኒት ቀጥሎ አምስት መፈተኛ ቃላት በቂ ናቸው፤ እያንዳንዱ የመጽሐፉን ሌላ ሌላ ጎን ይነካል።

«ዌዘር» የእርሻ ቃል ነው። አጻጻፉ ደብሊው፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኢ፣ አር ነው፤ የአየር ጠባይ ከሚባለው አንድ ፊደል ያንሳል፣ በዚያችው ፊደል ጉድለት ስንቱ ይሳሳታል። ፍቺው የተኮላሸ የበግ አውራ ነው። ሙክት ብሎ መተርጎም ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ሙክት ፍየልንም ይጨምራል፣ ሰብቶ ለዕርድ የደረሰ መሆኑንም ያሳስባል። ዌዘር በቆዩት መጻሕፍት በግ ነው፤ ከስቶም ዌዘር ነው። በኢኮኖሚ ዜና ላይ ዘወትር የሚመጣው «ቤልዌዘር» አንገቱ ላይ ቃጭል አንጠልጥሎ መንጋውን የሚመራው ዌዘር ነው፤ ከአየር ትንበያ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

«ጊመር» የሚመዝነው የስኮትላንድንና የሰሜን እንግሊዝን ቃላት ነው፤ ከመጀመሪያው ሸለታ እስከ ሁለተኛው ያለች እንስት በግ ማለት ነው። «ሆጌት» ደግሞ ዓመት ገደማ የሞላው፣ ገና ያልተሸለተ በግ ነው። የእንግሊዝ እረኛ የበጉን ዕድሜ በሸለታ ይቆጥራል፣ ሀብቱ ሱፍ ነበርና። በአማርኛ እንዲህ ያለ አቆጣጠር ስለሌለ አንድ ቃል ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ «አንዴ የተሸለተች እንስት በግ» ብሎ መዘርዘር ይሻላል። ጊመርን «ጠቦት» ማለት ግን ስሕተት ነው።

«ሞልድዋርፕ» ጥምር ቃል ይፈትናል፦ ፍልፈል ነው፤ ቃል በቃል አፈር ወርዋሪ። ሼክስፒር ተጠቅሞበታል። ለጠንቃቃ ሰው አንድ ማስታወሻ፦ የእንግሊዙ ነፍሳትና የምድር ትል በል ነው፣ የእኛው ፍልፈል ግን ከአይጥ ወገን የሆነ ሥር በል ነው። ለቲያትር ትርጉም ልዩነቱ አያስጨንቅም፤ ለሥነ ሕይወት ጽሑፍ ግን መባል አለበት። «ሪርማውስ» የሌሊት ወፍ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ «ሪርማይስ»። ይህን ቃል የምትከፍቱት አጻጻፉ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው፤ በአንደኛው ሄዳችሁ ወደ ሌላኛው የሚመራ ቀስት ወይም «ይመልከቱ» ካላገኛችሁ፣ መጽሐፉ በጥንታዊ አጻጻፍ ላይ ሰነፍ ነው ማለት ነው።

የመጨረሻው «ስፕሬንት» ነው፦ ኦተር የሚባለው ዓሣ በል የወንዝ አውሬ ፋንድያ። ለምን ይህ? የእንግሊዝ አዳኞች የየአውሬውን ፋንድያ በየስሙ ይጠሩ ነበር፤ የአጋዘኑ «ፊውመት»፣ የቀበሮው «ቢሊቲንግ» እየተባለ። አንዱን የያዘ መዝገበ ቃላት የቀሩትን የአደን ቃላትም የመያዙ ዕድል ሰፊ ነው። ስፕሬንት በተለይ ዛሬም የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች የሚጽፉት ቃል ስለሆነ አልሞተም። በአደኑ ጎራ ከሁሉ የሚያደክመው የዕድሜ ስም ነው። የቀይ አጋዘን ወንድ በመጀመሪያው ዓመት «ካፍ»፣ በሁለተኛው «ብሮኬት»፣ በሦስተኛው «ስፔያድ»፣ በአራተኛው «ስታጋርድ»፣ በአምስተኛው «ስታግ»፣ በስድስተኛው «ሃርት» ይባላል። መዝገበ ቃላቱ ሃርትን «ወንድ አጋዘን» ብሎ ብቻ ካለፈው ግማሹን ደብቋል፤ «ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው» የሚል መጨመር አለበት።

ስድስቱን ሁሉ የሚያልፈው ቻምበርስ ነው። መነሻው የስኮትላንዷ ኤዲንብራ መሆኗ ጠቅሞታል፤ በ1901 ከወጣው የመጀመሪያው እትም ጀምሮ የስኮትላንድን የገበሬ ቃላት ከቤቱ እንደ ወጣ ነገር አቅርቦ ይዟል፣ ስፔንሰርን፣ ሼክስፒርንና ሚልተንን የሚያነብ ሰው የሚቸገርባቸውንም አልናቀም። በብሪታንያ ለስክራብል ጨዋታ ዳኛ ሆኖ የቆየውም ብርቅዬ ቃላቱ ስለበዙ ነው። ነገር ግን አጠቃቀሙን ያላወቀ ገዢ «ቃሉ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ምክንያቱ አደራደሩ ነው። የተወለዱና የተጣመሩ ቃላትን እንደየራሳቸው አያሰልፍም፤ በእናታቸው ሥር በአንድ አንቀጽ ያጭቃቸዋል። ቤልዌዘርን በቤል ሥር፣ የከብት እረኛ የሚለውን «ኒትኸርድ» በኒት ሥር ፈልጉ። ዓይናችሁ በአንቀጹ ውስጥ ደመቅ ብለው የታተሙትን ብቻ እየዘለለ ይሂድ፤ ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅባችሁም።

ሁለተኛው ቁልፍ ከፍቺው በፊት በቅንፍ የሚቀመጠው አሕጽሮት ነው። «አርክ» የሚለው ቃሉ አርጅቷል፣ ነገር ግን ጸሐፊ ሆን ብሎ ለጥንታዊ ቃና ይጠቀምበታል ማለት ነው፤ «ኦብስ» የሚለው ፈጽሞ ቀርቷል ማለት ነው። «ዳያል» የአካባቢ ቀበልኛ ነው፣ ምናልባት ዛሬም ዮርክሽር ውስጥ ያለ ገበሬ ይለዋል። ብቻዋን የቆመች «ቢ» ደግሞ ቃሉ በኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ መሆኑን ታሳያለች። ይህ ለተርጓሚ ጌጥ አይደለም። «ኦብስ» የተባለውን በጠፋ አማርኛ መመለስ ያስኬዳል፤ «ዳያል» የተባለውን ግን በግእዝ ቀመስ ቃል ብትመልሱት ገበሬውን ደብተራ አደረጋችሁት።

የቻምበርስ ጉድለት ድርቀቱ ነው። ዓመተ ምሕረት አይሰጥም፣ ከደራሲ የተጠቀሰ ምሳሌ የለውም፣ አንዳንዱን እንስሳ «የአንቴሎፕ ዓይነት» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ፊደሉም ደቃቅ ነው። ከአምስት አራት ከግማሽ እንሰጠዋለን፤ ግማሿ የቀረችው በዓይናችን ድካም ነው።

ሾርተር ኦክስፎርድ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፦ ቃሉ መቼ እንደ ታየ ያሳያል፣ ጥቅስም ይጨምራል። መጀመሪያ የወጣው በ1933 ነው፤ እንደ አዲስ የተዘጋጀው የ1993ቱ እትም መርሑ ከ1700 ወዲህ የነበረውን ቃል ሁሉ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ደግሞ የሼክስፒርን፣ የሚልተንንና የኪንግ ጀምስን የመሰሉትን መያዝ ነው። ከ1700 በፊት ቀርቶ ከእነዚህ በአንዳቸውም ውስጥ ያልገባ የአደን ቃል ታዲያ ሊያመልጠው ይችላል። በመደብ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሁለት ጥራዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተለያይቶ ይገኛል። የሚከፈለው በኤም ፊደል አካባቢ ነው። አንዱን ብቻ ለመግዛት የተገደደ ሁለተኛውን ይምረጥ፤ ኒት፣ ሪርማውስ፣ ስፕሬንትና ዌዘር ያሉት እዚያ ነው። ዋጋውን ግን እንደ ሙሉ አትክፈሉ፤ ሻጩም የጎደለ መሆኑን ያውቃል።

ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል የወጣው፣ በ1989 ደግሞ 20 ጥራዝ የሆነው፣ የመደብ ዕቃ አይደለም፤ እሱን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጠየቅ ነው። ምናልባት የ1971ዱ ጥቅል እትም ቢያጋጥም ከነማጉያ መነጽሩ ሁለት ጥራዝ ነው፤ አራት የትልቁ ገጾች ተጨምቀው በአንድ ገጽ ታትመዋል። መነጽሩ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፣ ማንኛውም ማጉያ ይሠራል። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ያ ደቃቅ ፊደል ከአንድ ኮፒ አይተርፍም።

ከመዝገበ ቃላት ውጪ በዚያው መደብ የሚገኝና ለዚህ ሥራ እጅግ የሚጠቅም መጽሐፍ ያው የ1611ዱ ኪንግ ጀምስ ነው፤ ከአማርኛው ጎን ለጎን ሲገለጥ የእንስሳት መፍቻ ይሆናል። በፈርዖን ሕልም ከወንዙ የወጡት ሰባቱ «ካይን» ላሞች ናቸው፤ ካይን የካው ጥንታዊ ብዙ ቁጥር ነው። በትንቢተ ኢዮኤል 1፥4 ላይ እንግሊዝኛው «ፓልመርዎርም»፣ «ሎከስት»፣ «ካንከርዎርም»፣ «ካተርፒለር» ብሎ ሲደረድር አማርኛው ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ ይላል። ደጎብያና ኩብኩባ ከየትኛውም የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ይልቅ እዚህ ይሻላሉ፤ ሰብሉን ያጣ ሕዝብ ስም ያወጣላቸው ናቸውና።

ቢሆንም ኪንግ ጀምስን በአራዊት ጉዳይ እንደ ሊቅ አትቁጠሩት። ተርጓሚዎቹ ያላዩትን የምሥራቅ እንስሳ በሚያውቁት ስም ጠርተዋል። «ኮኒ» በእንግሊዝ አገር ለአካለ መጠን የደረሰ ጥንቸል ነው፤ «ራቢት» ጥንት የዚያው ግልገል ስም ነበር። በመዝሙር 104፥18 በድንጋይ ውስጥ የሚሸሸገው ኮኒ ግን ጥንቸል አይደለም፣ ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ በእንግሊዝ ምድር የለም፣ በእኛ ገደል ሞልቷል፤ ስለዚህ አማርኛው በቀጥታ ስሙን ጠራው። ቻምበርስና ሾርተር ኮኒ ላይ ሁለቱንም ፍቺ ይሰጣሉ፤ የማይሰጥ መዝገበ ቃላት ካጋጠማችሁ መልሱት። ኪንግ ጀምስ ውስጥ «ኮካትሪስ» የሚባል፣ በአፈ ታሪክ አውራ ዶሮ ከጣለው እንቁላል የሚፈለፈል እባብም አለ። ያ በዕብራይስጡ መርዘኛ እባብ ነው፤ እንግሊዞቹ ከራሳቸው ተረት ጨመሩበት።

ለፈረስና ለበቅሎ ቃላት ደግሞ የአማርኛውን ጎን በደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ማጠናከር ያስፈልጋል፤ የፊደሉ ተራ አበገደ መሆኑን ካወቃችሁ አያስቸግርም። ይህ መስክ የእንግሊዝኛው ወገን ብቻ ሀብታም የሆነበት አይደለም። «ፓልፍሪ» ለስላሳ አካሄድ ያለው የመንገድ ፈረስ ነው፤ እኛ ሰጋር እንላለን። «ሳምፕተር» አጋሰስ ነው፣ አንድ ፀጉር አይጎድልም። «ሄፈር» ጊደር ናት። «ሂኒ» ላይ ተጠንቀቁ፤ አባቱ ድንጉላ እናቱ አህያ የሆነ ነው። ተራው በቅሎ ተቃራኒው ነው፣ አባቱ አህያ እናቱ ባዝራ። ብዙ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም «የፈረስና የአህያ ዲቃላ» ብለው ያቀላቅሏቸዋል፤ ቻምበርስ ይለያቸዋል።

የመንጋ ስሞችን ዝርዝር ብቻ የያዙ ቀጫጭን መጻሕፍትና በኢንተርኔት የሚዞሩ ሰንጠረዦች ላይ ገንዘብም ጊዜም አታባክኑ። ለአንበሳ «ፕራይድ»፣ ለቁራ «መርደር» የሚሉት በእርግጥ የ15ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ በ1486 ሴንት አልባንስ ከተማ በታተመው የአደን መጽሐፍ ውስጥ ረጅም ዝርዝር አለ። ግን ያኔም ግማሹ ቀልድ ነበር፤ በዚያው ዝርዝር ዳኞችና መነኮሳትም የመንጋ ስም ወጥቶላቸዋል። ፌሬት ለሚባለው ጥንቸል አሳዳጅ ትንሽ አውሬ መንጋ የተሰጠው «ቢዝነስ» ደግሞ በኋላ ገልባጮች አሳስተው አንብበውት «ፌስኒንግ» የሚባል፣ በምድር ላይ ማንም ተናግሮት የማያውቅ ቃል ወልዷል፤ ሰንጠረዦቹ እስከ ዛሬ በቁም ነገር ይገለብጡታል።

አሁን ወደ መደቡ። ፒያሳና አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ መልካቸው ከተቀየረ ወዲህ ሻጮቹ እንደ ድሮው አንድ ቦታ አይጸኑም፤ ዛሬ የሌለ ነገ ሌላ ጥግ ይገኛል። ዋጋ የሚተመነው በውፍረትና በሽፋን ድምቀት ነው፣ በእትም አይደለም፤ ለእኛ ጥሩ ነው፣ ሽፋኑ የወላለቀ ቻምበርስ ከአዲስ የተማሪ መዝገበ ቃላት ረክሶ ይገኛልና። የቅጂ መብቱን ገጽ ግለጡና እትሙን ከኅትመቱ ለዩ፦ «1975 በድጋሚ የታተመ» ማለት የ1972ቱ እትም ያው ራሱ ነው፣ አዲስ ቃል አልተጨመረበትም። ቀጥሎ የአሕጽሮቱ ዝርዝር መኖሩን እዩ፤ ከፊት ስለሚገኝ አስቀድሞ የሚገነጠለው እሱ ነው፣ ያለ እሱ ደግሞ ቅንፎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ከዚያ የገጹን ማዕዘን መሪ ቃላት እየተከተላችሁ ፈጥናችሁ ገልብጡ። መጽሐፍ የሚሰፋው በ16 ወይም በ32 ገጽ እጥፍ ስለሆነ፣ ሲጎድልም አንድ ገጽ ሳይሆን ሙሉ እጥፉ ነው የሚጎድለው፤ ከኤች መሀል ዘሎ አይ ውስጥ የሚገባ መዝገበ ቃላት «ሂኒ»ንና «ሆጌት»ን ይዞባችሁ ሄዷል። ኮፒ መሆኑን የምታውቁት ደግሞ በትንንሾቹ ቁጥሮች ነው፦ ኒት 1 እና ኒት 2 ላይ ያሉት ቁጥሮች ነጠብጣብ መስለው ከታዩ አስቀምጡት።

በክረምት የተገዛ ከሆነ ጀርባውን አሽትቱ። የሻገተ ሽታ ያለውን ወዲያው መደርደሪያ ላይ አታስገቡ፤ ገጾቹን ዘርግቶ በጥላና በነፋስ ማድረቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሙጫው ይሰነጠቃል። ብል የበላውን ግን በነፃም ቢሆን አትውሰዱ፣ ከጎረቤቱ መጽሐፍ ይዛመታል።

ምንም ካልተገኘ በስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ በርካታ ነፃ መዝገበ ቃላት በውስጣቸው የያዙት ዌብስተር የተባለውን የአሜሪካ መዝገበ ቃላት፣ የ1913ቱን እትም ነው፤ የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ። ኒትን፣ ዌዘርንና ሪርማውስን ይፈታል፣ ከነጥቅሱ። አጻጻፉ አሜሪካዊ ስለሆነ ሞልድዋርፕን ያለ «ዩ» ፈልጉ፤ ቀጭኔንም «ካሜሎፓርድ» እያለ ሲጠራ ብታገኙት አትደንግጡ።